በደረቅ ጨርቅ ብቻ

ስክረንዳል፣ ሜይ 28 ቀን 1983

ለኦድኒ፤

ጤናሽን መጠየቅ ወግ ስለሆነ ይኸው ጠይቄያለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ላሞቹም ደህና ናቸው። ስልክ መደወሉን ግን ተዪው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላነጋገርኩትን ሰው የእራት ድንች አፌ ውስጥ እያለ ማነጋገር አይሆንልኝም። የምትይው ካለሽ ጻፊ። እኔም ስጽፍ ቢያንስ ከመናገሬ በፊት አስባለሁ።

የጠየቅሽኝን በአጭሩ ልመልስ፦ ሥዕሉን ማንም አልነካውም። የኬቲልን ሥዕል የሳለው ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ለምግብና ለማደሪያ እያለ በየመንደሩ ይዞር የነበረ፣ ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ከአዳራሻችን ግድግዳ ወርዶ የሚያውቀው በዓለም ጦርነቱ ወረራ ጊዜ አባባ ድርቆሽ ውስጥ ሲደብቀው ብቻ ነው።

ለምን እንደተላከልሽም የዘነጋሽ ትመስያለሽ። በፌብሩዋሪ በረዶ ተከምሮ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ውሃው በሥዕሉ ላይ ወርዶ የአንዱን ወታደር ጎራዴ አዝረከረከው፤ ፍሬሙም ሻገተ። ኮሚቴው ተሰብስቦ «የታራልድ ልጅ ኦስሎ ውስጥ የታወቀች ሥዕል ጠጋኝ አይደለችም እንዴ? ከእሷ እጅ የተሻለ የት እናገኛለን?» ተባባለ። ሰባት እጅ ወጣ። ስምንተኛው የሊቀመንበሩ፣ ማለትም የእኔ እጅ ነበር፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

የሚፈለግብሽ ሻጋታውን ማጽዳትና ያቺን ጎራዴ ማስተካከል ነው። ኬቲል የግንድ ታንኳው ላይ ባለ ሜንጦ ዘንጉን ይዞ እንደቆመ፣ ሃያ ሦስቱ ባዕድ ወታደሮች ጎራዴያቸውን እንደመዘዙ ወንዙ ውስጥ ሲወድቁ፣ ሁሉም እንደነበረ ይመለስልን። የኬቲል ቀን ኦገስት 7 ነው። ዘንድሮ ያንን ሁሉ ወታደር አሻግራለሁ ብሎ ሸውዶ፣ መሃል ወንዝ ላይ ታንኳውን ገልብጦ ሸለቆውን ካዳነ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ይሞላዋል። በበዓሉ ኬቲልን ሆኜ ታንኳ ላይ የምቆመውም እንደ አስራ ዘጠኙ ዓመት ሁሉ እኔ ነኝ።

ከፍሬሙ ግርጌ አባባ የጻፋትን «በደረቅ ጨርቅ ብቻ» የምትል ሰሌዳ እንዳትጥያት። እዚህ ሰው ከወንዝ ወጥቶ ከነእርጥብ ልብሱ አዳራሽ የማይገባው ያቺን ሰሌዳ አክብሮ ነው።

ሃልቫርድ


ኦስሎ፣ ጁን 4 ቀን 1983

ለሃልቫርድ፤

ላሞቹን ሰላም በልልኝ።

«ማንም አልነካውም» ያልከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወይ ተሳስተሃል ወይ ዋሽተሃል፤ የትኛው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የተዝረከረከችውን ጎራዴ ላስተካክል ብዬ እርጥብ ጥጥ ባስነካት ከነእጀታዋ ተነስታ ጥጡ ላይ ቀረች። በተልባ ዘይት የተበጠበጠ ቀለም እንዲህ አይነሳም። ከሥሯ የወታደሩ እጅ ወጣ። ባዶ እጅ ነው ሃልቫርድ። ከሌላኛው እጁ ጋር በገመድ ታስሯል።

የቀሩትንም በልዩ መብራት አየኋቸው። ሃያ ሦስቱም የታሰሩ ናቸው። ጎራዴዎቹ በሙሉ በኋላ የተጨመሩ ናቸው፤ የተጨመሩትም እንደ ማንኛውም ሳሎን ጣሪያ በውሃ በተበጠበጠ ጠመኔና ሙጫ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ መነጽር እንኳ አላስፈለገኝም። መስመር ሲጨርስ ብሩሹን ወደ ግራ ነቅነቅ አድርጎ የሚያነሳ ሰው በዚያ ሸለቆ አንድ ብቻ ነበር። ካላመንከኝ ሂድና የወተት ማኅበሩን የበር ጽሑፍ እይ። የአባባ እጅ ነው።

አልደብቅህም፣ አፈርኩ። ለሰው ሽንት ቤት እንኳ ሦስት ጊዜ የዘይት ቀለም ካልደረብኩ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው፣ የመንደሩን አንድ ለእናቱ የሆነ ሥዕል በጣሪያ ቀለም ያበላሸዋል? እጁን እያወቅሁት ሰውየውን አላወቅሁትም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ታውቅ ከነበር፣ ከመቼ ጀምሮ? መልስህ እስኪደርሰኝ ሌላውን ጎራዴ አልነካም።

ኦድኒ


ስክረንዳል፣ ጁን 11 ቀን 1983

ለኦድኒ፤

ደብዳቤሽን ማዕድ ላይ ከፍቼው ገንፎዬ ቀዘቀዘ። አባባ አፈር ውስጥ ከተኛ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አንቺ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ «አበላሸ» ትይዋለሽ!

አዎ፣ የቀባው እሱ ነው። በ1947 ክረምት፣ ወረዳው ፈቅዶለት። «ማንም አልነካውም» ያልኩሽ አባባን ከማንም ጋር ስለማልቆጥረው ነው። ስለዚያ ክረምት አንቺ ምን ታውቂያለሽ? የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ በረዶ ላይ ትንሸራተቺ ነበር። ሰዉ አምስት ዓመት ሙሉ የባዕድ ቦቲ ደጁ ላይ ሲረግጥ ኖሮ ነው የወጣው። አራት ወንዶቻችን በእንጨት መሰንጠቂያው ግድግዳ ሥር ተረሽነዋል፤ አንዱ አጎታችን ኤይቪን ነው። ያ ሕዝብ አዳራሹ ውስጥ ተመልሶ ሲቀመጥ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ያስፈልገው ነበር። አባባ ሰጠው። አለቀ።

የሰጠውም ነገር እንዳንቺ የጥጥ ቁራጭ ላይ ተለቅልቆ የሚቀር አይደለም። በሜይ 17 የብሔራዊ በዓላችን ሰልፍ ልጆቻችን ከፊት የሚሸከሙት የትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ላይ ያለው ያ ኬቲል ነው። የአይባችን መጠቅለያ ላይ ያለው እሱ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ወንዛችንን ሊገድቡ የመጡ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ሜንጦውን ይዞ ቋጥኝ ላይ አስራ አንድ ቀን ሲቀመጥ፣ «ኬቲል ብቻውን ሃያ ሦስቱን ከቻለ እኛስ?» እያለ ነው የተቀመጠው። አሁን ለእነዚህ ሰዎች ምን ልበላቸው? «ጀግናችሁ እጁ የታሰረ ሰው ነው ያሰጠመው» ልበል? ባሕር ማዶ ተምራ የመጣችው እህቴ ናት ያለችው ልበል?

ያወጣሻትን ጎራዴ መልሰሽ ሳዪ። እጅሽን እዚያ ላይ አቁሚ። ጥዱንም እንዳትነኪ።

ደግሞ አባባን አላወቅሁትም ማለትሽ ልክ ነው። በመጨረሻው ጊዜ ኮፐንሃገን ነበርሽ። አባባ ታሟል የሚለው ቴሌግራም ዘገየ ብለሽ እስከ ዛሬ ታኮርፊኛለሽ። ስንት ጊዜ ልንገርሽ? መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነበር፤ ፖስታ ቤት የሚያደርስ አልነበረም። በረዶውን እኔ አላዘነብኩትም።

ሃልቫርድ


ኦስሎ፣ ጁን 17 ቀን 1983

ለክቡር አቶ ሃልቫርድ ታራልድሰን፣ የኬቲል ቀን ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ገንፎዎ ስለቀዘቀዘ ከልብ አዝኛለሁ። ታዛዥዎ የሥዕል ጠጋኝ ለጠየቀችዎ አንዲት ጥያቄ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈው መልሱን ግን ስለረሱት፣ እንደገና ለማስቸገር ተገድጃለሁ።

ይብቃኝ፤ አንቱታው ይበዛብሃል። ሃልቫርድ፣ እኔ የጻፍኩልህ ስለ ጎራዴዎቹ ነው። ስለ ጥዱ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከወንዙ ዳር በሥዕሉ ጥግ ያለችው የጥድ ቁጥቋጦም የአባባ ሥራ መሆኗን ያኔ እኔ ራሴ አላወቅሁም ነበር። አንተ ከየት አወቅህ?

አትንኪ ስላልከኝ ነካኋት፤ ትንሽ፣ ከጠርዟ ብቻ። ከሥሯ የተከመረ ጎራዴና የራስ ቁር አለ። መሣሪያቸውን ወንዝ ዳር አስቀምጠው እጅ ሰጥተዋል ማለት ነው። ከዚያ ታሰሩ፤ ታንኳ ላይ ተጫኑ፤ የቀረውን ኬቲል በሜንጦው ጨረሰው። ያ ስሙ የማይታወቅ ሠዓሊ ይህን ከራሱ አልፈጠረውም፤ በየምድጃው ዳር ሲያድር አያቶቻችን የነገሩትን ነው የሳለው። ያኔ አላፈሩበትም ነበር። የሆነውን አውቀው ነው ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት።

ጥዱንስ አስብ እስቲ። በኬቲል ቀን ሴት ወንዱ ባርኔጣው ላይ የጥድ ቅርንጫፍ የሚሰካው፣ ወንዙ ዳር ጥድ ተተክሎ አጥር የታጠረለት፣ ቄሱ እንኳ ቆመው «ኬቲል የተደበቀባት ጥድ» ብለው የሚሰብኩት ሁሉ ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ዓመት ነው። ከእኔ ያንሳል። አባባ የመሣሪያ ክምር መሸፈኛ ሲፈልግ ለመሳል የቀለለው ቁጥቋጦ ሆነና ሸለቆው ሁሉ ባርኔጣው ላይ ሰካው።

ግድቡን ያስቆማችሁት እናንተ ናችሁ። አስራ አንዱን ቀን ቋጥኙ ላይ ብርድ የመታው የእናንተን መቀመጫ ነው። ያንን ከእናንተ ወስዶ ለኬቲል የሚሰጠው ማን ነው፣ እኔ ወይስ አንተ?

ለኮሚቴው የተጻፈ ሪፖርት አብሬ ልኬያለሁ። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ የተጨመረው ሁሉ ይነሳል፣ ወይ ሥዕሉ ምን እንደተጨመረበት ከሚገልጽ ጽሑፍ ጋር ይሰቀላል። ለሁሉም አንብብላቸው።

ስለ በረዶው ምንም አልልህም።

ኦድኒ


ስክረንዳል፣ ጁን 26 ቀን 1983

ለኦድኒ፤

ስብሰባው ተካሂዷል። ሪፖርትሽን አንብቤላቸዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ። ስለ ሻጋታው የጻፍሽው በጣም ተደንቋል። ሁለተኛው ገጽ ከኪሴ አልወጣም፤ እንዳይወጣም አደርጋለሁ።

ጥዱን ግን እንዲያው ለሙከራ ያህል አነሳሁት። «የጥዱ ነገር ያን ያህል የቆየ ላይሆን ይችላል የሚሉ አሉ» አልኩ። ዬርትሩድን ታውቂያቸዋለሽ፣ ከአራቱ ሟቾች የአንዱ ሚስት፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ብድግ ብለው «አያቴ ጥድ ሰክታ አይቻለሁ! ውሸታም የሚለኝ ማነው? ይምጣና ፊቴ ይበለኝ!» አሉ። ማንም ፊታቸው አልሄደም። አንቺ ትሄጃለሽ? አንቺማ ከመቶ ሰማንያ ኪሎሜትር ነው የምትደፍሪው።

«ከየት አወቅህ» ላልሽው የምመልሰው የለኝም። ኦስሎ ቁጭ ብለሽ እኔን እንደ ሌባ የምትመረምሪኝ አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው? ያንቺ ሥራ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉን ጠግኚ።

ጁላይ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን አልጠብቅም። ሥዕሉ ካልመጣ የድርቆሽ መኪናዬን አስነስቼ እመጣና በራስሽ ሠራተኞች ፊት ከነማቆሚያው ተሸክሜው እወጣለሁ። ታውቂኛለሽ፤ አደርገዋለሁ።

ሃልቫርድ


ኦስሎ፣ ጁላይ 3 ቀን 1983

ሃልቫርድ፤

ስድብህን ወደ ጎን አድርጌ የማውቀውን ብቻ ልጽፍልህ።

በአባባ የጣሪያ ቀለምና በአሮጌው ሥዕል መካከል ሌላ ነገር አለ። ቫርኒሽ ነው፤ ውሃ የማያሳልፍ መከላከያ። ጥርት ያለ፣ ውድ፣ ሁለት ጊዜ በጥንቃቄ የተደረበ ቫርኒሽ፤ አንዲት ጥግ ሳትቀር ሥዕሉን ሸፍኖታል። እንዲህ ያለውን በ1947፣ ስኳር እንኳ በራሽን በሚሰጥበት ዘመን፣ ከየት እንዳገኘው አላውቅም። የብሩሽ ጫፍ ዘይት አባከናችሁ ብሎ ሲቆጣን የኖረ ሰው ነው ይህን ያደረገው።

ሊቀብረው የፈለገውን ነገር ሰው ቫርኒሽ አይቀባውም። አባባ ሥዕሉን አላበላሸውም፤ ጠቅልሎ አስቀመጠው። የዘይት ቀለም ያልተጠቀመው አውቆ ነው። የዘይት ቀለም አይታጠብም፤ የጣሪያ ቀለም በውሃ ይለቃል። «በደረቅ ጨርቅ ብቻ» ያለውም እናንተ እንደምታስቡት ለኬቲል ክብር አይደለም። ጊዜው ሳይደርስ አንዷ የጽዳት ሠራተኛ በእርጥብ ጨርቅ እንዳታጋልጠው ነው።

ስለዚህ አፈርኩ ያልኩትን አንስቻለሁ። አሁን የማፍረው በሌላ ሰው ነው።

እንዲህ አድርጎ የጠቀለለ ሰው የሚፈታውን ሳይናገር አይሞትም። እኔ አልነበርኩም። አንተ ነበርክ። አባባ ምን አለህ?

ኦድኒ


ስክረንዳል፣ ጁላይ 20 ቀን 1983

ለኦድኒ፤

ከዚያ ወዲህ የላክሻቸው ሁለት ፖስታ ካርዶችም ደርሰውኛል። ሁለቱም ላይ ያችው አንዲት ጥያቄ ናት። ሚስቴም አነበበቻቸው፤ ፖስታ አመላላሹም ሳያነብ አልቀረም። እሺ፣ እነግርሻለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አይደለም የምጽፈው፤ አንቺም እንደዚያ ብለሽ እንዳታነቢው።

አዳራሹ ከወረራው በኋላ ሲከፈት ሥዕሉ ከድርቆሹ ወጥቶ ተሰቀለ። አራቱን መበለቶች ከፊት አስቀመጧቸው፤ ለክብራቸው። ሙዚቃው ሳይጀመር ዬርትሩድ ተነስተው ደጅ ወጡና በረዶው ላይ አስታወኩ። የኤይቪን ሚስትም ተከተለቻቸው። አራቱ ወንዶች መሰንጠቂያው ግድግዳ ሥር የተረሸኑት እጃቸው በገመድ ታስሮ ነው። ይህን ለእኛ ለልጆቹ የነገረን የለም። ሴቶቹ ግን ሬሳውን ያጠቡት እነሱ ናቸው፤ ገመዱን የፈቱትም እነሱ ናቸው። ቀና ሲሉ ደግሞ የራሳቸው ጀግና የታሰሩ ሰዎችን ያሰጥማል።

በማግሥቱ የወረዳው ሰዎች «ይቃጠል» አሉ። አባባ ነው «አንድ ክረምት ስጡኝ» ያለው። አንድ ክረምት ሰጡት። የሠራውን አይተሻል፤ የድሮውን የሚያውቁት ትልልቆቹም ዳግም ላያነሱት ተስማምተው ለልጆቻቸው ሳይነግሩ ቀሩ።

ይህን የነገረኝ በታመመ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ማርች 1974። «ኦድኒ ትምጣ፤ የምሰጣት ሥራ አለኝ» አለ። «ምን ሥራ? ለእኔ ንገረኝ» አልኩት። ነገረኝ። «ሴቶቹ እስኪበረቱ ብዬ እንጂ ለዘላለም አልነበረም። እኔ ጣሪያ ቀቢ ነኝ፤ እሷ ታውቅበታለች። ውሃ ይበቃል በላት። ጥዱንም እንዳትረሳ» አለኝ። ጥዱን ያወቅሁት እንዲህ ነው።

ያኔ ኬቲልን ሆኜ ታንኳ ላይ ከቆምኩ አስር ዓመቴ ነበር። ኦድኒ፣ እኔ በትምህርት አልገፋሁም፤ ባሕር ማዶ የላከኝ የለም። አንቺ አባባ ነበረሽ፤ ብሩሽ አያያዝ ሲያሳይሽ እኔ ፍግ እዝቅ ነበር። በዓመት አንድ ቀን ግን ሸለቆው ሁሉ ወንዝ ዳር ቆሞ እኔን ያያል። አንቺ ብትመጪ በዚያው ሳምንት ታጥቢዋለሽ። ያቺን አንዲት ቀን ይዘሽብኝ ትሄጃለሽ። እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ቴሌግራሙን በዚያው ቀን ጽፌዋለሁ። አምስት ቀን የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አባባ በየጠዋቱ «መጣች?» ይለኛል። «መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል» እለዋለሁ። አልጋው በመስኮቱ በኩል ነበር። መንገዱን ያየው ነበር። የወተቱ መኪና ሲወጣ ሲወርድ ያያል። መንገዱን አየት፣ እኔን አየት አደረገኝ። በስድስተኛው ቀን መጠየቁንም ተወው። በሰባተኛው ቀን ቴሌግራሙን ላክሁ። አንቺ በባቡር ስትመጪ እሱ ሳጥን ውስጥ ነበር።

በረዶ አልነበረም ኦድኒ።

ሃልቫርድ


ኦስሎ፣ ኦገስት 1 ቀን 1983

ሃልቫርድ፤

ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። የምሰድብህ ቃል ፈለግሁ፤ የሚመጥንህ አጣሁ። ይቅርታ ስላልጠየቅህ አመሰግንሃለሁ፤ ጠይቀህ ቢሆን ደብዳቤውን አቃጥለው ነበር።

«መጣች?» እያለ እኮ ነው የሞተው። እኔ ያን ሳምንት ኮፐንሃገን ውስጥ የማላውቀውን የአንድ ነጋዴ ምስል ከጥላሸት እያጸዳሁ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በረዶውን ስረግም ኖሬያለሁ። ሰው በረዶን ይረግማል?

ሥዕሉ ሐሙስ በባቡር ይደርስሃል። ሻጋታውን አጽድቻለሁ፤ ፍሬሙ ታድሷል። የለቀቀችውን ጎራዴ መልሼ አልሳልኳትም። ሃያ ሁለቱ ጎራዴዎችና ጥዱ ግን አባባ እንዳደረጋቸው ናቸው። አልነካኋቸውም።

አባባ ሥራውን ለእኔ ተወ፤ መልእክቱን ለአንተ ነገረ። መልእክቱን በልተሃልና ሥራውም ያንተ ነው። አብሮ በተላከው ጥቅል ውስጥ ሁለት ስፖንጅ አለ። ለብ ያለ ውሃ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትጫን። የአባባ ቫርኒሽ ጠንካራ ነው፤ ልምድ ባይኖርህም ከሥር ያለውን አትጎዳውም። እዚያ ላይ ያለው የአባባ ሥራ ግን ይሄዳል። የእሱ እጅ የሳለው ሌላ ሥዕል በዓለም ላይ የለም፤ ይህን አውቀህ እጠበው።

ሰው ፊት እጠበው፣ ብቻህን እጠበው፣ አትጠበው፣ ያንተ ፈንታ ነው። የማስገድድህ እንዳይመስልህ ሪፖርቴን ቀድጄዋለሁ፤ ከኪስህ ያለችውም ገጽ ብትጠፋ የሚያውቅ አይኖርም። ያቺ አንዲት ጎራዴ ለጎደለችው ወታደርም የሆነ ተረት አታጣለትም። እስከምትሞት ድረስ ታንኳህ ላይ መቆም ትችላለህ።

እኔ አልመጣም። ይቅር አላልኩህም። አንድ ቀን እንደምልም አላውቅም።

ኦድኒ


ስክረንዳል፣ ኦገስት 8 ቀን 1983

ለኦድኒ፤

ጤናሽን እጠይቃለሁ። ዛሬ ለወግ አይደለም።

ትናንት ከወንዙ እንደወጣሁ ልብስ ሳልቀይር አዳራሽ ገባሁ። ከበሩ ላይ «እርጥብ ነህ! ተመለስ!» ብለው ጮኹብኝ። ስፖንጆችሽ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ይዣቸው አልወጣሁም ነበር፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደማጥበው አላሰብኩም ነበርና። በእርጥብ እጅጌዬ ነው የጀመርኩት። ሚስቴ ባልዲ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ተመለሰች። አንድ ሁለቱ ሊይዙኝ መጥተው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ የታሰሩ እጆች ብቅ ሲሉ ግን ቆሙ። ጥዱን መጨረሻ ላይ አጠብኩት።

የስፖርት ማኅበሩን ወንዶች ታውቂያቸዋለሽ፣ በየዓመቱ ወታደር ሆነው የእንጨት ጎራዴ ይዘው እየሳቁ ወንዝ የሚዘሉትን። ውሃቸው እየተንጠባጠበ ከኋላዬ ቆመው ነበር። አንዱ ቀረብ ብሎ «እኔ የቱ ነኝ?» አለኝ። የሳቀ ሰው የለም።

ዬርትሩድን ወንበራቸውን ወደ ሥዕሉ አስጠጉላቸው። ገመዶቹን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ። «እንዲህ ነበር ያሰሯቸው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጥዱን ግን ከባርኔጣዬ አላወልቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰክቼዋለሁ፤ አሁን የእኔ ነው» አሉ። አያታቸውን አላነሱም።

ከኮሚቴው ሦስቱ ጥለው ወጥተዋል። የወተት ማኅበሩ ስለ አይቡ መጠቅለያ እየተጣላ ነው። ጎረቤቴ ዛሬ ጠዋት አልፎኝ ሲሄድ ምራቁን ተፋ። አንድ ሰው ገዳይ ብሎ የጎተራዬ በር ላይ ጽፎብኛል፤ ለኬቲል ይሁን ለእኔ አላወቅሁም። የሚቀጥለው ዓመት በዓል ይኖር እንደሆነ አላውቅም፤ ቢኖርም ታንኳው ላይ የምቆመው እኔ አይደለሁም። ያቺ ቀኔ ሄደች። የፈራሁት ሁሉ ደረሰ፤ ትክክል ነበርኩ።

«በደረቅ ጨርቅ ብቻ» የምትለዋ ሰሌዳ የምትጠብቀው ነገር የላትም። አውርጄ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። የዘይት ቀለም ናት፤ አትለቅም። የመጨረሻው ፊደል ላይ ብሩሹን ወደ ግራ አንስቶታል፣ እንዳልሽው።

ይቅር በዪኝ አልልም። ልምጣ ካልሽ ግን ዘንድሮ በረዶ ቢጥልም ባይጥልም አካፋዬን ይዤ ራሴ እወጣለሁ። መንገዱ ክፍት ነው። ያኔም ክፍት ነበር።

ወንድምሽ ሃልቫርድ